ሰመሩን ፍሎሪዳ ኪይስ ላይ የከረመው ባለ 4000 ሪል

ይህን ሪል፣ ማለትም የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ፣ የገዛሁት ሚያዝያ ላይ ነው፤ 4000 የመጠኑ ቁጥር ነው። ዋጋው 150 ዶላር አካባቢ፣ አካሉ ሙሉ ብረት ነው። ካርቶኑ ላይ «የባሕር ውሃ አያስገባም» ይላል። ሰመሩን ሙሉ ፍሎሪዳ ኪይስ ላይ፣ በፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ ባሉት በድልድይ የተያያዙ ደሴቶች፣ ሠራሁበት፤ በጀልባ ሳይሆን ከአሮጌዎቹ ድልድዮች ላይ። በፈረንጆች የ1935ቱ አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን ያገናኝ የነበረውን የባቡር መስመር ካፈረሰው በኋላ ድልድዮቹ የመኪና መንገድ ሆነው ነበር። አዳዲሶቹ ሲሠሩ እንደ ሎንግ ኪይ ያለው አሮጌ ድልድይ ለዓሣ አጥማጆች ቀረ። የፍሎሪዳ ነዋሪ ከሆናችሁ ከዳርቻና ከእንዲህ ዓይነት ድልድይ የማጥመጃው ፈቃድ በነጻ ነው፤ ማውጣቱ ግን ግዴታ ነው።

በሰመር ቀኑ አይቻልም። ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅ አለ፤ የካርቦን ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ድልድይ ላይ መቆም ሞትን መጥራት ነው። ስለዚህ ሥራው የሌሊት ነው፣ ዓሣውም ማንግሮቭ ስናፐር። ይህ ዓሣ መንጠቆውን እንደነከሰ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ምሰሶ ይሮጣል። ምሰሶው በስለታም ዛጎል የተሸፈነ ነው፤ ክሩ ከነካው አለቀ። እዚህ ላይ ነው ሪሉን የወደድኩት። ድራጉ፣ ማለትም ክሩን በልክ የሚለቀው ፍሬን፣ ጠበቅ ተደርጎም ሲለቅ አይንተፋተፍም። ያዝ አድርጎ በድንገት የሚለቅ ድራግ ክር ይበጥሳል። ይኸኛው ነሐሴም ላይ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ የሪሉን ውስጥ በደንብ ጠብቆታል፤ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ግራሶው ንጹሕ ነው። ክሩ ታጥፎ የሚያልፍባት ትንሿ ተሽከርካሪ ግን እንዲህ አልታሸገችም። ሐምሌ ላይ መጮህ ጀመረች፣ ከዚያ ቀጥ አለች። የተጎነጎነ ክር የባሕር ውሃ ይመጥጣል፤ ሲጠቀለል ጨዉን የሚጨምቀው እሷ ላይ ነው። ኩሽኔታዋ ዝጎ ነበር። በካቻቢቴ ፈትቼ ቀየርኩት፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሥራውም ቀላል። ግን በዚህ ዋጋ ይህ መድረስ አልነበረበትም። «አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ ይህችን ቦታ አይጨምርም፤ ስትገዙ ለይታችሁ ጠይቁ።

አጠባውም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ድራጉን አጥብቁት፣ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ። ከዚያ በቀስታ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ አለቅልቁት። በኃይል የሚረጭ የውሃ ጎማ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋል። ሲደርቅ ድራጉን አላሉት፤ እንደተጨመቀ ከተቀመጠ ቅልጥፍናውን ያጣል።

ክብደቱ ሌሊቱን ሙሉ ለሚወረውር ሰው ይሰማዋል። እኔ ከዘንጉ ጋር ስለለመድኩት ተውኩት።

ማንግሮቭ ስናፐር በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 5 ብቻ ነው፣ ርዝመቱም ከ10 ኢንች ማነስ የለበትም። ለዚህ ሥራ ሪሉን ደግሜ እገዛዋለሁ።

ታርፖን ለሚባለው ትልቅ ዓሣ ግን ይህን የሪል መጠን አትመልከቱት። ከ45 ኪሎ የሚያልፍ ዓሣ በትንሽ ሪል ረጅም ሰዓት ከታገለ ቢለቀቅም ዝሎ የሻርክ ምሳ ይሆናል። ከ40 ኢንች በላይ የሆነውን ደግሞ ከውሃ ማውጣት ክልክል ነው። ለእሱ 8000 እና ከዚያ በላይ ያዙ።