ስንት አሳለፉ? ከስንቱ? የደሴና የኮምቦልቻ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲመዘኑ

ነሐሴ ሲጋመስ ወላጅ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ብዙ የሚያሳልፈው የቱ ነው?» ደሴ ላይ ሆጤና መምህር አካለ ወልድ ቀድመው ይነሳሉ፤ ወደ ታች ሲወረድ ኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ። ጥያቄው ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጣው በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። ስለዚህ 10 በመቶ ያሳለፈ የመንግሥት ትምህርት ቤት አይናቅም። በሩ ላይ «60 በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር ከተሰቀለ ግን ሪሚዲያል (የዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት) የገቡት ተደምረው እንደሆነ ይጠየቅ። ሪሚዲያል የሚገባው 50 ያልሞላለት ነው።

ትልቁ ስህተት አካፋዩ ላይ ነው። እንበል አንዱ 40 አስፈትኖ 8 አሳለፈ፤ 20 በመቶ። ሌላው 400 አስፈትኖ 32፤ 8 በመቶ። የመጀመሪያው ከሦስት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል 160 መዝግቦ ከነበረ 8ቱ ከ160 ሲታዩ 5 በመቶ ናቸው። ሁለተኛው 500 መዝግቦ ከነበረ 6.4 ይሆናል። ደረጃው ተገለበጠ ማለት ነው። የጎደሉት በመሸኛ ተዛውረው ነው ወይስ አቋርጠው? መልሱ ያለው መዝገብ ቤት ነው፤ የ9ኛውንና የ12ኛውን ሮስተር (የተማሪዎች ስምና ውጤት ዝርዝር) ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

የ2014ን ቁጥር ከሌላው ዓመት ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያም በፊት ደሴ ላይ ተፈናቃይ ያረፈው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ያኔ 9ኛ የነበረው ልጅ 12ኛን የተፈተነው በ2017 ነው፤ የ2017ም ቁጥር ይህ ታስቦ ይታይ። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ቤተሰብ በዓመቱ መሃል ይገባል፣ ይወጣል። የመስከረሙን ምዝገባ ከሁለተኛው መንፈቅ ጋር ሳያስተያዩ መፍረድ አይቻልም።

«ደረጃ 3 ነን» ሲባልም ይጤን። ደረጃው በሚወጣበት በኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤቶች ምዘና) ነጥብ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛሉ። ያማረ ሕንፃ ከሩቡ አያልፍም።

ግቢ ሲገባ ክፍል ይቆጠር፤ የሁለተኛ ደረጃ መስፈርቱ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። ቤተ ሙከራውም ይከፈት ይባል። ቁልፍ ፍለጋው ግማሽ ሰዓት ከፈጀ መልሱ ተገኝቷል፤ ከተከፈተም ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ በጣት ማየት ነው።

ጎበዝና ራሱን የሚችል ልጅ ትልቁ ትምህርት ቤት ይሻለዋል፤ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር እዚያ በብዛት ይገኛል። ክትትል ለሚፈልገው ግን ስሙ ያልገነነ፣ ክፍሉ ያልተጨናነቀ፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ የሚሰጥ ይመረጥ።