ለአንደኛ ክፍል ልጅ አስጠኚ ለምትፈልጉ፣ እኚህን መምህር ልጠቁማችሁ

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም። ምስጋናም ጥቆማም ነው።

ልጄ አንደኛ ክፍል ነው። ማንበብ አቅቶት ነበር። ከትምህርት ቤት የሚላከው ማስታወሻ ሁሌ አንድ ነው፦ «ቤት ውስጥ ይታገዝ»። እንዴት? እሱን የሚነግረኝ የለም። በደላላ ያገኘሁት አስጠኚ የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶለት ስልኩን ሲጎረጉር ያመሻል። ቀጥላ የመጣችው ደግሞ «ይሄ ልጅ አይገባውም» አለችኝ፣ ያውም እሱ እየሰማ። ከዚያ ወዲያ ደብተር ሲያይ ሆዱን ያመው ጀመር። ብሩስ ይቅር፣ ይቺ ንግግር ግን እስካሁን ታንገበግበኛለች።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ጋ ወሰደችኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትንንሽ ልጆች ያስተማሩ እናት ናቸው። ፊደል አስቆጠሩት። ከሀ እስከ ፐ አንበለበለው። ከዚያ ገበታው መሀል «ሞ»ን በጣታቸው ነኩ። ልጁ ጸጥ። እሳቸው ከንፈሩን ነበር የሚያዩት።

«አየሽ ልጄ፣ ከ‹መ› ጀምሮ እየቆጠረ ነው። የያዘው ዜማውን ነው። ሰነፍ ቢሆን 231 ፊደል በቃሉ ይወጣዋል?»

እንባዬ መጣ። እሱም ሰምቶ ቀና አለ።

ከዚያ ያደረጉትን ሁሉ ልነግራችሁ አልችልም፣ እኔም በደንብ አልገባኝም። ካርድ ይበውዛሉ፣ ያጫውቱታል። አቡጊዳም ያስነብቡታል፤ ፊደሉ በሰያፍ ስለሚሄድ ዜማው አያድነውም። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፣ ስነግራቸው ሳቁ። «የኔታ ከሀሁ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩን ለምን መሰለሽ?»

መምህሯ ለእኔም የቤት ሥራ ሰጡኝ። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ እሱ ያነባል እኔ እሰማለሁ። ሲሳሳት ቶሎ አልነግረውም፣ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ይሄን ቀላል ነገር እስከዛሬ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም!

አሁን ታክሲ ውስጥ በመስኮት ያየውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። «እማ፣ ጎ-ሚ-ስ-ታ ምንድነው?» ሲል ተሳፋሪው በሳቅ።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ! ልጃችሁ አንደኛም ሁለተኛም ክፍል ሆኖ ማንበብ ከከበደው እባካችሁ ሌላ ቦታ ብር አትጨርሱ፣ እሳቸው ጋ ውሰዱት። ስልካቸውን በአደባባይ አልለጥፍም፣ በውስጥ ጠይቁኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤት ለቤት አይዞሩም፣ ልጁን ማድረስ የእናንተ ነው። ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይሞላባቸዋል፣ ቀድማችሁ ደውሉ።