ትንኝ ያስቆመ ወንፊት ድመት ያስቆማል? የአዳማ ብየዳ ቤቶች የመስኮት ወንፊት ሲገመገም

አዳማ ላይ መስኮት ዘግቶ ማደር ቅጣት ነው። ሙቀቱ አያስተኛም፤ ከፍተው ቢተኙ ደግሞ ወባው አለ። ስለዚህ ብየዳ ቤቱ ሁሉ ወንፊት ይሠራል። ሥራው ለትንኝ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ለምትውል ድመት ግን የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ምሽት ላይ ይከዳል።

ከሁሉ የሚረክሰው በሜትር የሚሸጠው ግራጫ የፋይበርግላስ ወንፊት ነው፤ ብዙ ሰው ናይለን ይለዋል። አይዝግም፣ ይታጠባል፣ አየር ያሳልፋል። ነገር ግን የድመት ጥፍር አንዴ ከያዘው ክሩ ይተረተራል። በተለጣፊ ቬልክሮ የተገጠመ ከሆነ መቅደድም አያስፈልጋትም። ብረቱ በፀሐይ ሲግል ማጣበቂያው ይላላና ጥጉን በግንባሯ ገፍታ ትወጣለች። ለድመት ዜሮ ነው። የአሉሚኒየሙ ወንፊት ይሻላል፤ ሆኖም አንዴ ከጎበጠ አይመለስም። የምትንጠላጠልበት ድመት ሽቦውን ከፍሬሙ ጠርዝ ቀስ በቀስ ትነቅለዋለች። እርጋታ ላላት፣ ለተኮላሸች ድመት ብቻ ይበቃል።

ገንዘብ የሚያወጣው በብየዳ የተያያዘ፣ አራት ማዕዘን ዓይን ያለው፣ ግማሽ ኢንች (12 ሚ.ሜ. ገደማ) ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ሽቦ ነው። ከዶሮ ሽቦ ጋር አይምታታ፤ የዶሮው ዓይኑ ሰፊ፣ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ይለጠጣል፣ የድመት ግልገልም እግር ይይዛል። የግማሽ ኢንቹ ጉድለት ትንኝ አለማስቆሙ ነው። መፍትሔው ሁለት ድርብ ነው፦ ፍሬሙ ከ20 በ20 ሚ.ሜ. አር ኤች ኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ይሠራና ጠንካራው ሽቦ በቤት በኩል፣ የትንኙ ወንፊት በውጭ በኩል ይወጠራል። በመሃል የሚቀረው 2 ሳ.ሜ. ጥፍሯ ወንፊቱን እንዳይነካ ያደርጋል። ዋጋው ከነጠላው ይወደዳል፤ በየክረምቱ ወንፊት ከመቀየር ግን ይረክሳል።

ብየዳ ቤቶቹ የሚወቀሱበት ዋና ነገር ሽቦው ሳይሆን ልኩ ነው። የኤል ቲ ዜድ (በእነዚህ ፊደላት ቅርጽ ከወጣ ብረት የሚሠራ) መስኮት የተገጠመበት ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ልስኑ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ የሚሄድ በያጅ ከጥጉ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ይሄዳል። ስፋቱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካ፣ ትንሹ ይወሰድ፣ ከእሱም 5 ሚ.ሜ. ይቀነስ። ድመት ጭንቅላቷ ከገባ ሌላው አካሏ ይከተላል፤ ትከሻዋን የሚይዝ የተጋጠመ አጥንት ስለሌላት አጥብባው ታልፋለች። ከ2 ሳ.ሜ. የሚበልጥ ክፍተት አይኑር፣ ግልገል ካለች ደግሞ ከዚያም ይጥበብ።

ሁለተኛው ስህተት ሽቦውን በቀጥታ በፍሬሙ ላይ መበየድ ነው። እሳቱ የዚንኩን ሽፋን ያቃጥለዋል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ላሜራ ጠርዙ ላይ ተጭኖ በየ15 ሳ.ሜ. በሪቬት ቢያዝ ይሻላል፤ የተቆረጠው የሽቦ ጫፍም ከላሜራው ሥር ይገባል። የተበየደ ቦታ ካለ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ። ፍሬሙ በማጠፊያ ይንጠልጠል እንጂ በቋሚነት አይበየድ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ነው፣ መስታወትም መጽዳት አለበት። መቀርቀሪያው አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ከላይና ከታች ይሁን። ነፋስ ላላየ ሰው ይህ የበዛ ይመስላል፤ አዳማ ግን 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉባት ናት።

በማግኔት የሚገጥመው የበር መጋረጃ ለድመት በር መክፈት ማለት ነው። የተሠራው ገፍተው እንዲያልፉበት ነውና እሷም ገፍታ ታልፋለች። ለበር የሚሆነው ከታች 50 ሳ.ሜ. ላሜራ ያለው፣ ራሱን የሚዘጋ ሞላ የተገጠመለት የወንፊት በር ነው። ሞላው በጣም ከጠነከረ ጅራት ይቆነጥጣል፤ ሲላላ ደግሞ በሩ አይገጥምም። ኮርኒስ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ካለም ይደፈን፣ በጣሪያው ሥር ወጥታ ትሄዳለችና።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ያልተኮላሸ ወንድ ካለ ወንፊቱ ብቻውን አይችለውም፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ። በ4 እና በ6 ወር ዕድሜ መካከል ማስኮላሸት ይቻላል። ያልተኮላሸች ሴትም ካልተጠቃች በወቅቷ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ወንድ ትፈልጋለች፣ ከወጣች ደግሞ በዘጠኝ ሳምንት ገደማ ግልገል ይዛ ትመጣለች።

ቀሪው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት ፍሬሙ ተቆልፎ አራቱም ጥጎች በመዳፍ በኃይል ይገፉ። ትልቅ ድመት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች፣ የምትመጣውም ሮጣ ነው። አንዱ ጥግ ጣት የሚያስገባ ያህል ከተከፈተ በያጁ ይዞት ይመለስ።