ቸርኬዬን «አልበይድም» ላለኝ ልጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን ደሴዎችና ኮምቦልቻዎች። ቸርኬ ለሚያድስ አንድ ልጅ ይሄን ምስጋና ልጻፍ ልጻፍ ስል ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ዛሬ ግን ልጆቼን ጭኜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሀረጎን ቁልቁለት ስወርድ መሪው ጸጥ አለልኝ። ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቶዮታ ቪትስ መኪና አለችኝ። ጎማው የሚገጠምባቸው የብረት ቸርኬዎቿ ዝገው ስላስጠሉኝ ያገለገሉ አራት አሎይ፣ ማለትም የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ገዛሁ፣ ባለ 14 ኢንች። ሻጩ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመጡ የራሱ የቶዮታ ናቸው አለኝ፣ በዚህ አልዋሸኝም። ቀለማቸው ብልጭ ብሎ ያምር ነበር። ቀለሙ ስር ምን እንዳለ ግን ማን ጠየቀ? ለማስገጠም የወሰድኩበት ጎማ ቤትም በግማሽ ሰዓት ገጥሞ ሸኘኝ።

ከዚያ አሳሬን አየሁ። አንዱ ጎማ በሦስት ቀኑ ይተነፍሳል። አስሞላለሁ፣ ደግሞ ይተነፍሳል። ፍጥነት ስጨምር መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። የደሴ ኮምቦልቻን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ግን በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው የምትወርዱት፣ ያውም በጥምዝምዝ፣ ከፊት አይሱዙ ከኋላ ተሳቢ ሆኖ። እዚያ ላይ መሪ ሲንቀጠቀጥ ሆድ ይርዳል። እኔ ደግሞ ልጆቼን ይዤ ነው የምመላለሰው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናት «ለምን እዚያ ልጅ ጋ አትወስጃትም?» ያለችኝ። ደሴ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቤቱ ጠባብ ናት፣ ታፔላም የላትም። ልጁ ጎማዎቹን አወለቀና መጀመሪያ ያየው ቸርኬውን ሳይሆን ቸርኬውን ከመኪናው ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች ነበር። «ቲቸር፣ እነዚህን ማን ነው ያሰረልዎት?» አለኝ። ለካ የገጠመልኝ ቤት የድሮውን የብረት ቸርኬ ዳዶ ነው መልሶ ያሰረበት። የብረቱ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ይሄ የቶዮታ አሎይ ግን ቀዳዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ አንገት ያለው ባለ ሮንዴላ ዳዶ ነው የሚፈልገው። ሾጣጣው እዚያ ላይ በጠርዙ ብቻ ነው የሚነካው። ቀዳዳውን በጣቴ አስነካኝ፣ ዙሪያው ተቆርጥሟል። በዚያ ላይ ቀለሙ ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ ድረስ በወፍራሙ ተቀብቷል። ቀለም ሲጫኑት እየሳሳ ይሄዳል፣ ያኔ የታሰረው ይላላል። ስንት ጊዜ ሀረጎን እንደወረድኩበት ሳስብ ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ የድሮውን ቀለም በሙሉ አነሳው። በቀለም ማስለቀቂያ፣ በሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት፣ ራቁቱን እስኪቀር። የሚተነፍሰው ጎማም ምስጢሩ ወጣ። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ከንፈር ነጭ ዱቄት የመሰለ የአሉሚኒየም ዝገት ይዞታል፣ አየሩ በዚያ በኩል ነበር የሚሾልከው። ያኛው ቤት ሁለት ጊዜ «ቫልቩ ነው» ብሎ ቫልቭ ቀይሮብኛል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። «ቲቸር፣ ጠመኔ ይዘዋል?» አለኝ። አስተማሪ ነኝና ከቦርሳዬ አልጠፋም። ፈጭቶ ዱቄት አደረገው። ቸርኬዎቹን ከጀርባ በኩል ላምባ ቀባ፣ ፊታቸውን ደረቅ ጠመኔ ነሰነሰበት። «ሻይ ይጠጡ፣ ጊዜ ይፈልጋል» አለ። ሻዬን ጨርሼ ስመለስ ሦስቱ ነጭ እንደሆኑ ናቸው። አራተኛው ላይ ግን ጠመኔው ውስጥ ፀጉር የምታክል እርጥብ መስመር ወጥታለች፣ ከዳዶው ቀዳዳ ተነስታ የቸርኬውን መሃል ከጠርዙ ወደሚያገናኘው ክንድ የምትሄድ። ላምባው በስንጥቁ አልፎ ነው። በዓይን ብናየው አንድ ቀን ሙሉ አናገኛትም ነበር።

እኔ ወዲያው «በአርጎን ይበየድ» አልኩት። መልሱን ቃል በቃል አልረሳውም። «የሚበይድ ሞልቷል። ጠርዙ ላይ ቢሆን እኔም አስበይድልዎት ነበር። ክንዱ ላይ ግን አልነካውም። ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው፣ የብየዳው ሙቀት ደግሞ ዙሪያውን ያደክመዋል። ልጆች ይዘው ቁልቁለት ይወርዱበታል ቲቸር፣ አልበይድም።» ለአራት የከፈልኩትን ቀብድ የአንዱን ቆርሶ መለሰልኝ። ሳልጠይቀው።

የብረቶቹን ቸርኬዎች ለጊዜው ከራሳቸው ዳዶ ጋር መልሶ ገጠመልኝና አምሳያውን ራሱ ፈልጎ በዘጠነኛው ቀን አገኘ። እሱንም በጠመኔና በላምባ ፈትኖ ነው የቀባው። ፕራይመር፣ ብርማ ቀለም፣ ክሊር፣ በየመሃሉ በደንብ እያደረቀ። ጎማው እንዳይርገበገብ ክብደቱን የሚያመጣጥነውን የባላንስ እርሳስ ጠርዝ ላይ የሚቆነጥጠውን ትቶ ከውስጥ የሚለጠፈውን አደረገልኝ፣ አዲሱን ቀለም እንዳይገሽረው። ትክክለኛዎቹን ዳዶዎች በሰያፍ እያፈራረቀ አሰረ፣ መጨረሻ ላይ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር ላይ ዘጋው፣ የቶዮታው መጠን ነው። «ኮምቦልቻ ሁለቴ ደርሰው ሲመለሱ ይምጡ፣ ደግሜ እለካዋለሁ» አለኝ። ሄድኩ፣ ለካው፣ ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ ፈጣሪ እጅህን ይባርክ። በዱዓም በጸሎትም አልረሳህም።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ችኮላ አይወድም። ሦስትና አራት ቀን ሊይዝባችሁ ይችላል፣ ዝናብ ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ምክንያቱም ቀለሙ ሳይደርቅ አያስረክብም። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጣችኋል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍተው። ስልኩን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ለእሱ ነግሬው እልክላችኋለሁ። እኔም ሰኞ አንድ ፓኬት ጠመኔ ላደርስለት ስለምሄድ በዚያው እጠይቅላችኋለሁ።