ላኦዋ ፕሮብ 24 ሚሊሜትር፦ ከካርቶን በሠራነው ጅሬን ውስጥ የገባንበት ሌንስ

ጅማ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ለምንሠራው አጭር ፊልም ይሄን ሌንስ ከአዲስ አበባ ተከራይተን አስመጣነው። 3 ቀን ሠራንበት። ወድጄዋለሁ፣ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ሌንሱ ረጅም ቱቦ ነው። ወደ 40 ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ ጫፉ ግን 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እኛ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በካርቶንና በስንጥር ሠርተን፣ ካሜራው በረንዳው ላይ እንደ ሰው እንዲሄድ ነበር የፈለግነው። በተለመደው ሌንስ ስንሞክረው መጫወቻ መሰለ። ትንሽ ነገር ላይ ስንጠጋ ፊት ለፊት ያለው ብቻ ይጠራና ኋላው ይደበዝዛል፤ ዓይን ደግሞ ያንን ድብዝዝ ሲያይ ዕቃው ትንሽ መሆኑን ወዲያው ያውቅበታል። ፕሮቡ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ፣ ከኤፍ 14 ነው የሚጀምረው (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ያሳያል፤ እይታው ሰፊ ነው፤ ጫፉም በምሰሶዎቹ መካከል ሰተት ብሎ ይገባል። ቤቱ በአንዴ ገዘፈ!

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አውስትራሊያዊው የተፈጥሮ ፊልም ቀራጺ ጂም ፍሬዘር ነፍሳትን ከነአካባቢያቸው አጥርቶ ለማሳየት ያፈለቀው፣ ከካሜራ ኩባንያው ፓናቪዥን ጋር የተሠራው ሌንስ የኦስካር የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል። የእሱ ጫፍ ይዞራል። ይሄኛው ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ጎን ለማየት ካሜራውን በሙሉ ማዞር አለባችሁ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ይሄ በጣም አስቸገረን።

ትልቁ ጣጣ ብርሃን ነው። ኤፍ 14 ከኤፍ 2.8 ጋር ሲተያይ የሚያስገባው ብርሃን 25 እጥፍ ያንሳል። ጫፉ ላይ ትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶች አሉት፣ በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ይሠራሉ፣ ግን አፍንጫው ሥር ካለው ነገር አያልፉም። ደግሞ ያከራየን ቤት የላከው ገመድ አልሠራ ብሎ በስልክ ቻርጀር ገመድ ነው የተወጣነው። ሁለተኛው ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ሞዴሉን ለ4 ተሸክመን ግቢ አወጣነውና በቀትር ፀሐይ ቀረጽነው። ከሁሉም የበለጠው ሾት እሱ ሆነ፤ የምሰሶዎቹ ጥላ ልክ እንደ እውነተኛው በረንዳ ወለሉ ላይ ተኛ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሌንሱ ምንም አይደብቅም። የሙጫ ጠብታ ቋጥኝ አክላ ትታያለች። አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ስናራግፍ ግማሽ ቀን ሄደ።

የፊተኛው ቱቦ ውሃ አያስገባውም። ሳፋ ውስጥ ነክረን ቀይ የቡና እሸት ከላይ ሲወድቅ ቀረጽን፣ በጣም ያምራል። የኋላውን ክፍል ግን ጠብታ እንዳይነካው።

ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው፤ ለሰርግ አታስቡት። ለሞዴል፣ ለቡና ማስታወቂያ ወይም ለነፍሳት ከሆነ ተከራዩት፣ መግዛት አያስፈልግም። ከተቻለ ፀሐይ ያለበትን ቀን ምረጡ፣ በጠዋት ጀምሩ፤ ካርቶን ዝናብ አይችልም።