የኩዊን ምርጥ ዘፈኖች፦ ከስብስቦቹ የቱን ልግዛ?

የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የኩዊንን ሲዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛሁት ለአንድ ዘፈን ብዬ ነው፤ ለ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ»። ያገለገለ ሲዲ ነበር። ሽፋኑ ቀይ ነው፣ ላዩ ላይ «ግሬተስት ሂትስ» ይላል። ቤት ገብቼ ከፈትኩትና ዘፈኑ እስኪመጣ ጠበቅኩ። 17ቱም ዘፈን አለቀ። ቦሄሚያን ራፕሶዲ የለም።

ሻጩ አላታለለኝም። በእጄ የገባው በ1992 ለአሜሪካ ገበያ የወጣው እትም ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ «ክላሲክ ኩዊን» የሚባል ሌላ ስብስብም ወጥቷል። ቦሄሚያን ራፕሶዲ እዚያ ስለገባ ከቀዩ ላይ ቀረ። «አንደር ፕሬሸር»ም እንደዚሁ። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አይታችሁ ብቻ ገንዘብ አታውጡ። ገልበጥ አድርጉና የዘፈኖቹን ዝርዝር አንብቡ።

መግዛት ያለባችሁ ግሬተስት ሂትስ በ1981 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ነው። በእንግሊዝ ታሪክ ከሱ በላይ የተሸጠ አልበም የለም። በ2022 እዚያ አገር 7 ሚሊዮን ሽያጭ በመድረስ የመጀመሪያው አልበም ሆኗል። እሱም 17 ዘፈን አለው፤ ከ1974 እስከ 1980 ከወጡ ስምንት አልበሞች የተለቀሙ ናቸው።

የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ብዙ ጊዜ አይመቸኝም። ከየቦታው የተቆረጠ ዘፈን ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ኩዊን ላይ ግን ይሄ ቅሬታ አይሠራም። ምክንያቱም የራሳቸው አልበሞችም ከአንድ ስልት ወደ ሌላ ሲዘሉ የሚውሉ ናቸው። «ክሬዚ ሊትል ቲንግ ኮልድ ላቭ» የ1950ዎቹን ሮክ ኤንድ ሮል ያስታውሳል። «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» ከላይ እስከ ታች በጆን ዲከን ቤዝ ጊታር የቆመ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ሁለቱም ያሉት «ዘ ጌም» በሚባለው የ1980 አልበም ላይ ነው። ከዚያ አልበም ብቻ አራት ዘፈን ወደ ስብስቡ ገብቷል፤ አልበሙ ያለው ደግሞ አሥር ብቻ ነው። መዝጊያው ላይ «ዊ ዊል ሮክ ዩ» እና «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» ተከታትለው ይመጣሉ። የ1977ቱ አልበማቸው የሚከፈተውም በእነዚሁ ሁለት ዘፈኖች፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ያገጣጠመው ሰው የሚሠራውን ያውቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ከ17ቱ ዘፈኖች አንዱንም የጻፈው የድራም ተጫዋቹ ሮጀር ቴይለር አይደለም። አብዛኛው የዘፋኙ የፍሬዲ ሜርኩሪ ነው፣ ቀጥሎ የጊታር ተጫዋቹ የብራያን ሜይ፣ ሁለቱ የዲከን። ቴይለርን ለማግኘት ሁለተኛውን ስብስብ መግዛት የግድ ነው። «ሬዲዮ ጋ ጋ» እና «ኤ ካይንድ ኦፍ ማጂክ» ያሉት እዚያ ላይ ነው።

«ግሬተስት ሂትስ 2» የወጣው በጥቅምት 1991 መጨረሻ ነው። ፍሬዲ ያረፈው ኅዳር 24 ቀን፣ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ። ይህን እያወቁ «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን»ን መስማት ከባድ ነው። ድምፁ ላይ ግን ድካም አይሰማም፤ እኔን እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው። ከዴቪድ ቦዊ ጋር የሠሩት አንደር ፕሬሸርም እዚህ አለ። እንደ አጠቃላይ ከመጀመሪያው የሳሳ ነው። ሲንተሳይዘሩ ይበዛል፣ አንዳንዱ ዘፈንም በነጠላ ዜማነት ሲለቀቅ ባጠረበት መልኩ ነው የገባው። ቢሆንም የመጀመሪያውን የወደደ ሰው ያለዚህ ሊቀር አይገባም።

የ1999ኙን ሦስተኛ ስብስብ እለፉት። የፍሬዲና የብራያን የግል ሥራዎች፣ ከኤልተን ጆንና ከጆርጅ ማይክል ጋር መድረክ ላይ የተቀዱ ዘፈኖች፣ እንደገና የተቀናበሩ ቅጂዎች አንድ ላይ የታጨቁበት ነው። ሦስቱን በአንድ የያዘው «ፕላቲነም ኮሌክሽን» ዋጋው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምር ብዙም ካልበለጠ ግን ውሰዱት፤ ሦስተኛው እንደ ምርቃት ይቆጠራል።

በ2009 የወጣው «አብሶሉት ግሬተስት» 20 ዘፈን በአንድ ሲዲ ይዟል። ከሁለቱም ዘመን ስለቀላቀለ አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ያጓጓል። ስለ ኩዊን ምንም ለማያውቅ ወዳጅ በስጦታ ብሰጠው ደስ ይለኛል። ለራሴ ግን አልገዛውም። «ፋት ቦተምድ ገርልስ» የለም፣ «ናው አይም ሂር» የለም፣ «ሃመር ቱ ፎል» የለም። የብራያን ሜይ ጊታር የሚያጓራባቸው ዘፈኖች ናቸው የተቀነሱት። እነሱ ከሌሉ ባንዱ ከነበረው ይልቅ ለስላሳ መስሎ ይቀርባል።

ስብስብ ከመግዛት አንድ ሙሉ አልበም ብገዛስ ለሚል፣ ምርጫው የ1975ቱ «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ነው። ልዩነቱን በአንድ ዘፈን ላሳይ። የ1981ዱ ስብስብ በቦሄሚያን ራፕሶዲ ይጀምራል፤ ገና ከመግቢያው ጫፍ ላይ ያወጣችኋል። አልበሙ ላይ ግን ከ12ቱ 11ኛው ነው። ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚረዝመውን «ዘ ፕሮፌትስ ሶንግ» አልፋችሁ፣ «ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ»ን ሰምታችሁ ነው የምትደርሱበት። ያን ጊዜ ያ በድምፅ ላይ ድምፅ የተደራረበበት የኦፔራ ክፍል ከየት እንደመጣ ይገባችኋል፤ ከፕሮፌትስ ሶንግ ጀምሮ ሲዘጋጅ ነበር። ዘፈኑን መቶ ጊዜ የሰማ ሰው እንኳ እንደ አዲስ ይሰማዋል።

ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍን ደግሞ ልብ በሉ። መድረክ ላይ ሕዝቡ ከፍሬዲ ተቀብሎ ራሱ ይዘፍነው የነበረ ዘፈን ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው የእንግሊዝ ስብስቦች አንዱም ላይ ግን የለም፤ በመጀመሪያው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውም፣ በአብሶሉትም። ተወዳጅ ዘፈን ሁሉ ስብስብ ውስጥ ይገባል የሚል ካለ ይህን ይመልከት።

እኔ ብሆን የ1981ዱን አስቀድሜ፣ ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራን አስከትዬ፣ ሁለተኛውን ስብስብ በሦስተኛነት እገዛለሁ። ሸክላ የምትገዙ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የ1981ዱ ስብስብ ወደ 58 ደቂቃ ይጠጋል። ያን ያህል ሙዚቃ በአንድ ሸክላ ሁለት ገጽ ላይ ሲታተም መስመሮቹ ይጣበቃሉ፣ ድምፁም ዝቅ ይላል፤ ቤዙ ላይ በደንብ ያስታውቃል። በሁለት ሸክላ የተከፈለ እትም ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። የዲከን ቤዝ ሳይታፈን የምትሰሙት እዚያ ላይ ነው።