የፔጆ 205 ጂቲአይ የኋላ አክስል ማደሻ ኪት፦ የትኛው ያዋጣል?

አሮጌ 205 ጂቲአይ ገዝታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ከኋላው ቆማችሁ እዩት። የኋላ ጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ ካዘነበለ ሞተሩ ይቆይና አክስሉን ፍቱ። ጎሚኒው ሲያረጅ ውሃ ይገባል፣ የመርፌ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ከዚያ ጎማውን የያዘው ክንድ የሚዞርበትን ሻፍት ይበላዋል።

ርካሹ ኪት 4 ኩሽኔታና ጎሚኒ ብቻ ነው። ገንዘብ መጣል ነው። ጣታችሁን ሻፍቱ ላይ ስታሳልፉ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ፣ አዲሱ ኩሽኔታም ብዙ አይቆይም። ሁለቱን ሻፍት የጨመረውን ግዙ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ሥራው አይደገምም።

የኪቱ ትልቁ ጉድለት ስለ ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) ምንም አለማለቱ ነው። ከመንቀላችሁ በፊት ባሩና ክንዱ ላይ ትይዩ ምልክት ምቱ፤ የባሩ ጥርስ ቦታውን ከሳተ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ባሩ ዝጎ ስለሚጣበቅ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ በመጎተቻ መዶሻ አውጡት። ሻፍቱን ከክንዱ ለማውጣት ግን መዶሻ አይሞከርም፤ ፕሬስ (በኃይል ገፍቶ የሚያወጣ ማሽን) ያለው ጋራዥ ውሰዱት። ሌላው ሁሉ ቤት ይሠራል፣ ክሪኩን ብቻ አትመኑ፣ ማቆሚያ ይኑር።

ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የአክስሉ ቱቦ ውስጡ ከሰፋ ግን የትኛውም ኪት አያድነውም፤ ያኔ የሚገዛው የታደሰ ሙሉ አክስል ነው። ክንዱ ሲወርድ የፍሬን መስመሩም ስለሚፈታ የፍሬን ዘይት አብራችሁ ግዙ፣ መጨረሻ ላይ አየሩን አውጡ።